ያልተቀባችው አበባ

ፈትሂያ ጫማዋን አውልቃ ኩልመስክ አጠገብ ወዳለው የሼኹ መቃብር ቤት የገባችው፣ ሟች ባሏ የሳለውን ግድግዳ ለማየት ነበር። ሐረጉም ቀያዮቹ አበቦችም እንዳማሩ አሉ። በዙሪያቸው ግን ለነገው መውሊድ የላስቲክ ጽጌረዳና ብልጭልጭ መብራት ተንጠልጥሏል።

«አላማረም፣ ልጄ?» አሉ ጠባቂው ሼኽ ይመር።

«አምሯል፣ አባቴ። የቀረችው ሙሽራዋ ብቻ ናት።»

ሙገሳ መስሏቸው ወደ ጥጉ ወሰዷት። ባሏ በሠራው ግድግዳ ሁሉ አንዲት አበባ ሳይቀባ ይተው ነበር፤ እንከን የሌለው ሥራ የአላህ ብቻ ነው ይል ነበር። ፈትሂያም የመጣችው ለዚያች ባዶ አበባ ነው። አሁን ወርቃማ ቀለም ተለቅልቃ ታበራለች።

«ሠዓሊው ቀለም አልቆበት ነው መሰል፤ ዛሬ ጠዋት እኛ ሞላንለት።»

«ደግ አደረጋችሁ። እሱ የሳተውን እናንተ አገኛችሁት።»

ቀለሙ ገና አልደረቀም። ፈትሂያ በሻርፗ ጫፍ፣ የልጅ አፍንጫ እንደምትጠርግ እናት፣ አበባዋን ጠረገቻት። የባሏ ቀጭን መስመር ከሥር ብቅ አለ።

«ኧረ በነቢ ይሁንብሽ! ምን ነካሽ?»

«ባሌ ቀለም አላለቀበትም፣ አባቴ» አለችና ሻርፗን ከነወርቁ አጥፋ ወጣች።