መብራት ጠፍቶ የሚመታ ደረት

በባራንኪያ ከተማ የፒኮ ጥሩነት የሚታወቀው በጆሮ ሳይሆን በደረት ነው። ከሰው ቁመት በሚበልጠው፣ ፊቱ በደማቅ ቀለም በተሳለው በዚያ የሙዚቃ ሣጥን ፊት ሰው ይቆምና መዳፉን ደረቱ ላይ ያደርጋል። ከመታው «ይሄ ፒኮ ነው» ይላል፤ ካልመታው «ሬዲዮ» ብሎት ያልፋል። ኦቶኒኤል ከአናጢ ወንድሙ ጋር የሠራው ፒኮ ስሙ «ነጎድጓዱ» ሲሆን፣ በሠላሳ ዓመት ውስጥ «ሬዲዮ» ብሎት ያለፈ ሰው አልነበረም።

ሚስቱ ዲግና እሁድ ከቅዳሴ መልስ መቁጠሪያዋን ይዛ ጓሮ ትቀመጣለች። ጸሎቱ ከዘፈኑ ጋር እየተምታታባት አሥር ጊዜ ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ለባሏ ግን አንድም ቀን ተናግራ አታውቅም። ደስታው ያለው እዚያ ሣጥን ውስጥ መሆኑን ታውቃለችና።

አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ወንዶቹ ግቢ ውስጥ ዶሚኖ ሲጫወቱ ኦቶኒኤል ጀርባውን ሣጥኑ ላይ አስደግፎ፣ ዓይኑን ከድኖ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ተቀምጦ ነበር።

«አይ አመታቱ!» አለ። «ነጎድጓዱ ዛሬ ጎረምሳ ሆኗል።»

ጓደኛው ማርሲያል የሚጥለውን ጠጠር እንደያዘ ቀረ። «አንተ፣ መብራት ከሄደ እኮ ቆየ።»

«የት ሄደ?»

«እኔ በምን አውቄ። ያንተ ሣጥን ያለ መብራት የሚሠራ ከሆነ ግን ማቀዝቀዣዬን አምጥቼ እሰካበታለሁ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ጆሮው ውስጥ የቀረው ጩኸት ዘፈን መስሎት የነበረው ኦቶኒኤልም አብሮ ሳቀ። ዲግና ግን የጉዋቫ ጭማቂውን ጆግ አስቀምጣ መጣችና መዳፏን ደረቱ ላይ አደረገች። እውነትም ይመታል። ሣጥኑ ግን ጭጭ ብሏል።

በማግስቱ ጎትታ ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ዶክተር ያዲራ ስለ ሣጥኑ ከዲግና ሰምታ የደም ግፊቱን ለካች፤ ያየችው አላስደሰታትም። በየሃያ ደቂቃው እየተነፋ ክንድ የሚጨብጥ፣ ሙሉ ቀንና ሌሊት የሚመዘግብ መሣሪያ ለሐሙስ ቀጠረችለት።

«እንደ ወትሮዎ ይዋሉ፣ አባቴ» አለችው። «ደህና ከሆነ እንዳሻዎ ይኑሩ። ከፍ ካለ ግን መድኃኒት ይጀምራሉ፤ ከዚያ ሣጥንም እንለያያችኋለን።»

ይህ ወሬ ከእነሱ ቀድሞ ሰፈር ገባ። ሐሙስ ጠዋት፣ መሣሪያው ኦቶኒኤል ክንድ ላይ ታስሮ ቤት እንደገቡ፣ በድምፅ ማጉያ ሰፈሩን የሚያናውጠው አቮካዶ ሻጭ ኤደር በእግሩ ጣቶች እየተራመደ መጥቶ አፉን መስኮቱ ላይ ለጠፈ።

«አቮካዶ» አለ በሹክሹክታ።

«ምን ሆነሃል?» አለችው ዲግና።

«ለዶን ኦቶኒኤል ክንድ ብዬ ነው፣ እማማ። የበሰለ ልስጥሽ?»

ማዕዘኑ ላይ ክላክስ ሳያስጮህ አልፎ የማያውቀው አውቶቡስ እንደ ድመት ሹልክ ብሎ አለፈ። ማርሲያል ጠጠሮቹ እንዳይንኳኩ ጠረጴዛው ላይ ፎጣ አነጠፈ፤ ያሸነፈውም ሰው አፉን ይዞ ሳቀ። ነጎድጓዱ አንሶላ ለበሰ። ዲግናም የዚያን ቀን መቁጠሪያዋን ከዳር እስከ ዳር አንድ ጊዜ እንኳ ሳትሳሳት ጨረሰች። እንዲህ መሆን እንደሚችል ረስታው ነበር።

ውጤቱን ለመስማት ሲሄዱ ዶክተሯ ወረቀቱን አይታ ፈገግ አለች። «መቶ ሃያ ስድስት። ያለፈው ጊዜ ደንግጠው ነው መሰለኝ። በሰላም ይሂዱ።»

ኦቶኒኤል ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ተነሣ። ዲግና አልተነሣችም። ዝም ካለች ባሏ ሣጥኑን ይዞ እየዘፈነ ቤቱ ይገባል። ከዚያስ? ያ በመዳፏ የተሰማት የልብ ምት የት ይሄዳል? በልቧ አማተበች።

«ዶክተር፣ ያ ቀን የእኛ ቀን አልነበረም።»

«ዲግና» አለ ኦቶኒኤል ቀስ ብሎ።

«አቮካዶ በሹክሹክታ ነው የተሸጠው። ዶሚኖው ፎጣ ላይ ነው የዋለው። ሰፈርተኛው ለእሱ ብሎ ትንፋሹን ዋጠ።»

ዶክተሯ መጀመሪያ ግራ ገባት፤ ሲገባት መነጽሯን አውልቃ እስኪበቃት ሳቀች። ከዚያ መሣሪያውን መልሳ ክንዱ ላይ ጠመጠመችው፤ ማንም እንዳያዝንለት አደራ ብላ።

ሰፈሩ አላዘነለትም። በዚህኛው ዙር የወጣው መቶ ሃምሳ ዘጠኝ ነበር። ዶክተር ያዲራ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀመጠች።

«ያው ሰው፣ ያው ክንድ» አለች።

«ለምጄዋለሁ እኮ፣ ልጄ። ሠላሳ ዓመት ነው።»

«የለመደው ጆሮዎ ነው። ልብዎ አልለመደም። ጩኸት በመጣ ቁጥር አደጋ የመጣ መስሎት ይሮጣል፤ ተኝተውም ቢሆን። ጨውም አለበት፣ ዕድሜም አለበት። ጩኸቱም ግን የራሱን ድርሻ እየወሰደ ነው።»

ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ ኦቶኒኤል ከዲግና ጎን ተቀመጠ።

«ዝም ብትዪ ኖሮ ሣጥኔ ይኖረኝ ነበር» አላት።

«ሣጥኑስ ይኖር ነበር። አንተ መኖርህን ነው እንጃ።»

ወደ መስኮቱ ዞረ። ሁለት ፌርማታ ካለፉ በኋላ መድኃኒቱ ያለበትን ከረጢት ከእጇ ተቀብሎ ጭኑ ላይ አደረገው።

በሚቀጥለው እሁድ ነጎድጓዱን ራሱ ከፈተው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ወንበሩንም ከግቢው ወዲያኛው ጫፍ፣ ከዛፉ ጥላ ሥር አስቀምጦ። ማርሲያል ሣጥኑ ፊት ቆሞ ደረቱን ዳሰሰ። «ሬዲዮ» ግን አላለውም፤ ራሱን ነቅንቆ ወደ ዶሚኖው ተመለሰ።

የሠርጋቸው ዘፈን ሲመጣ ኦቶኒኤል ዲግናን ለጭፈራ አስነሣት። ሁለት ዙር ከዞሩ በኋላ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ይሄ ሰውዬ ምንድን ነው የሚለው?»

«የቱ?»

«ዘፋኙ። ‹በቅሎዬ› ይላል እንዴ?»

«በቅሎው ጠፍታበት ነው የሚያለቅሰው።»

«በየዓመቱ ‹ላንቺ ነው› እያልኩ የምጋብዝሽ ዘፈን እኮ ነው!»

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሠርጋችን ቀን።»

«ታዲያ አትነግሪኝም?»

«ነግሬህ ነበር» አለች ዲግና። «አልሰማኸኝም።»

ማርሲያል ጠጠሩን ጥሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ኦቶኒኤልም ሚስቱን መልሶ አቀፋትና በቅሎዋ እስክትገኝ ድረስ ጨፈሩ።