ለኮዳ የሚሆን ቦታ

ልጇ ከሞተ ሰባት ሳምንት ሆኖታል፤ በነዚህ ሰባት ሳምንታት ውስጥ እሷን ቁጭ አድርጎ «አንቺስ ምን ታውቂያለሽ?» ያላት ሰው የለም። ሐኪሙ ተጠይቋል። የእርሻው ኃላፊ ተጠይቋል። ያን ቀን ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ ፀሐይ ሲሞቅ የነበረው የበሩ ዘበኛ እንኳ ተጠይቆ ሁለት ገጽ አስጽፏል። እናት ግን ስለ ትራክተር ምን ታውቃለች? ደግሞም ፊደል ያልቆጠረች አሮጊት። ወንበር ሰጧት፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ አቀረቡላት፣ «ያጽናሽ» አሏትና በሩ ድረስ ሸኟት። አሸኛኘታቸው ከስድብ ይከፋ ነበር።

በአንደበቷ የተነሳ ሰፈሩ «እማማ ምላጭ» ይላታል። እሷም ስሙን አትጠላውም። የደነዘ ምላጭ ነው የሚያሳፍረው።

የአደጋውን ምርመራ ወረቀት ያነበበላት ታናሹ ልጇ ነው። ሹፌሩ ጠጥቶ ነበር ይላል። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን መያዝ ሲገባው አልያዘም፤ ጠጠር የጫነው ተጎታች ከኋላ ገፋው፤ ትራክተሩ ከድልድዩ ሥር ተገለበጠ። ሦስት ጊዜ አስነበበችው። ልጁ በሦስተኛው ላይ ድምፁ ተሰበረ፤ እሷ ግን አላለቀሰችም።

«ውሸት ነው» አለች።

«ተጽፏል እኮ፣ እማዬ። ማኅተም አለው።»

«ማኅተሙን የመታው ሰው አይደለም? ከሰማይ ወረደ እንዴ?»

ታላቁ ልጇ በጎረምሳነቱ ይጠጣ ነበር፤ ይህን አትክድም። ሁለት ጊዜ ከቦይ ውስጥ ጎትታ አውጥታዋለች፣ በጥፊም አጩላዋለች። ግን ከተወው ስድስት ዓመት አልፎታል። ሰው ደግሞ የጠጣህበትን ቀን እንጂ የተውክበትን ቀን አይቆጥርልህም። ኃላፊው «ጠጥቶ ነበር» ሲል መንደሩ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ማንም አልተደነቀም።

እሷ ግን የምታውቀው አለ፣ ለማንም ያልተናገረችው።

ሊሞት ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ ጠዋት፣ ኮዳውን እየሞላችለት ነበር። የብረት ኮዳ ናት፣ ክብ፣ ክንድ የምታህል፤ ለሁለቱም ልጆቿ በአንድ ቀን የገዛቻቸው። ልጁ ጫማውን እያሰረ አማረራት። ጋቢናው ውስጥ ለኮዳ የሚሆን ቦታ የለም አለ። ወንበሩ አጠገብ ያስቀምጣታል፤ ሜዳው ላይ ዝም ትላለች፤ ቁልቁለት ሲጀምር ትንከባለልና እግሩ ሥር ትገባለች። ጎንበስ ብሎ ላንሳት ቢል ዓይኑን ከመንገዱ መንቀል ይኖርበታል። የሚንጠለጠል ነገር፣ ኪስ ቢጤ፣ ከአሮጌ ሸራ ብትሰፊልኝ አላት። በሩ ላይ ሁለት ሹፌሮች እየጠበቁት ነበር።

እሷም ሰው ሲኖር ዝም ማለት አታውቅም። «ምነው፣ ጡጦ አማረህ እንዴ? አንገትህ ላይ ላንጠልጥልልህ?» አለችው።

ሹፌሮቹ የበሩን መቃን ይዘው ሳቁ። እሱም ሳቀ። ኮዳውን ተቀብሎ ወጣ፤ ሁለተኛም አልጠየቃት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የሷ ወለምታ ግን በድልድይ ሥር ተገለበጠ።

ከሞተ በኋላ ዕቃውን በካርቶን አድርገው አመጡላት፦ ሰዓቱን፣ ጃኬቱን፣ አንድ እግር ጫማ። ኮዳዋስ ብላ ብትጠይቅ አልተገኘችም አሏት። አጥብቃ ብትጠይቅ የመጣው ሰው ተበሳጨ፤ ልጅሽ ሞቶ አንቺ ስለ ኮዳ ታወሪያለሽ አላት። በልቧ «እሷን እኮ ነው የምጠይቅህ» አለችና በሩን ዘጋችበት።

እንግዲህ ትራክተሩን አቀኑት፣ በየዱት፣ ቀይ ቀለም ቀቡት። ከዚያም እንዲነዳው ለታናሹ ልጇ ሰጡት።

ልጁ ደስ ብሎት መጣ። ከሰኞ ጀምሮ ያንኑ ጠጠር፣ በዚያው ቁልቁለት እንደሚያመላልስ ነገራት። ስለ ኮዳዋ ነገረችው። ጡጦ ያለችውን ብቻ ትታ፣ ወንድሙ ምን ብሎ እንዳማረረ ነገረችው። ሰምቶ ሲያበቃ ፈገግ አለ፣ ሰው ለሕፃን እንደሚስቀው ያለ ፈገግታ።

«አትስጊ፣ እማዬ። እኔ እኮ አልጠጣም» አላት።

ያን ጊዜ ነው የገባት። እስከዚያ ቀን ወረቀቱ የሟቹን ስም ያጎደፈ መስሏት ነበር። አሁን ግን አየችው፤ ወረቀቱ የቆመውንም ልጅ ዓይን አጥፍቶታል። የማይጠጣ ሹፌር አይገለበጥም ብሎ አምኖ ሊወርድ ነው፣ ኮዳውን ወንበሩ አጠገብ ጣል አድርጎ።

በማግሥቱ ከአልጋው ሥር የተበላሸውን ቴፕ ጎትታ አወጣች። ሁለት ስፒከር አለው፤ ከእያንዳንዱ ስፒከር ኋላ የቡና ስኒ ማስቀመጫ የሚያህል፣ መሐሉ ቀዳዳ የሆነ ጥቁር ክብ ማግኔት አለ። ባሏ በሕይወት ሳለ ሊጠግነው ሲፈታታው አይታለች። ያየችውን አትረሳም፤ የማያነብ ሰው ሌላ ምን መዝገብ አለው?

የመጀመሪያውን በመዶሻ መታችው። ማግኔት ብረት ይመስላል እንጂ ጠባዩ የሸክላ ነው፤ ለሁለት ተሰነጠቀ። ስብራቱን ገጥማ ልታጣብቀው ብትሞክር ሁለቱ ግማሾች ተገፋፉ። ትናንት አንድ የነበሩ፣ ዛሬ ቢገጥሟቸው ፊት የሚነሳሱ። «እናንተም?» አለቻቸውና ጣለቻቸው።

ሁለተኛውን በትዕግሥት ያዘችው። ዙሪያውን በቢላ ጫፍ እየፈለፈለች፣ በሙቅ ውሃ ሙጫውን እያላላች ግማሽ ቀን ፈጀች፤ በመጨረሻ ሳይጎዳ ወጣ። ከዚያ ረጅም የወተት ዱቄት ጣሳ አመጣች። ጎኑን በምስማር በሳች፣ ቡሎን አሳለፈች፣ ማግኔቱን ቡሎኑ ላይ አጠለቀች፣ በሰፊ ቀለበት አጥብቃ አሰረችው። የጣሳውን አፍ እጅ እንዳይቆርጥ ወደ ውስጥ አጠፈችው። ኮዳዋ እንዳትንኳኳ ውስጡን በብርድ ልብስ ቁራጭ ለበጠችው። ልኩን የወሰደችው ከታናሹ ኮዳ ነው፤ ከታላቁ ጋር መንታ ናትና።

የብረት በሩ ላይ ብትለጥፈው ያዘ። ውሃ የሞላ ኮዳ ብትጨምርበት ግን በቀስታ እየተንሸራተተ ወረደ፤ ቀለም የተቀባ ብረት ለማግኔት እንደ ሳሙና ነው። ከአሮጌ ጎማ ላስቲክ ቆርጣ ፊቱ ላይ ብታጣብቅበት ይባስ ብሎ ወደቀ። ላስቲኩ ወፍራም ስለሆነ ማግኔቱ ብረቱን ማግኘት አቃተው። አሰበችና የብስክሌት ከመነዳሪ ቆረጠች፣ አየር የሚነፋበትን፣ እንደ ቆዳ የሳሳውን የውስጥ ጎማ። እሱን ስታጣብቅበት ነገሩ ተለወጠ። በሩን አሥራ ሁለት ጊዜ ከፍታ በኃይል ወረወረችው። ጣሳው ንቅንቅ አላለም። ጎረቤቷ አንገቷን ብቅ አድርጋ «ምን ሆንሽ?» ብትላት፣ ሞኝና ወረቀት የያዙትን አይለቁም ሲሉ ሰምቼ ሦስተኛ እየጨመርኩ ነው አለቻት። ጎረቤቷም የልጅ ሐዘን ነው ብላ ከንፈሯን መጥጣ ገባች።

ልጁ ሲያየው እንደፈራችው ሆነ። ደህና ተሠርቷል፣ አልካደም። ግን አልወስደውም አለ። ሹፌሮቹ ይሥቁብኛል፣ ጡጦህን እናትህ ሰቀለችልህ ይሉኛል አላት። ከየት እንደሰማው አልጠየቀችውም። ከራሷ አፍ የወጣ ቃል ሰፈሩን ዞሮ፣ ሌላ ልጅ ላይ ተቀምጦ፣ ተመልሶ ቤቷ ገባ።

ሰኞ ጠዋት ልጁ ፊቱን ሲታጠብ ጣሳውን በነጠላዋ ሥር አድርጋ ቀደመችው። የእርሻው ጋራዥ በጓሮ በኩል በር አለው። መካኒኩ ብቻውን ነበር። ሰውየው አጭርና ጠንካራ ስለሆነ ቡሎን ይሉታል፤ የታላቁ ልጇ እኩያ ነው፣ አብሮት አድጓል፣ ቀብሩም ላይ ከሁሉ ኋላ ቆሞ አይታዋለች። ከዚያ ወዲህ ግን ቤቷ ዝር አላለም። ቀዩ ትራክተር መሐል ላይ ቆሟል፣ ሙሽራ መስሎ።

የመጣችበትን ነገረችው። ቡሎን እጁን በጨርቅ እየጠረገ ዓይኗን ሸሸ። ትከሻዋን ይዞ ሊያወጣት ይችል ነበር፤ አላደረገውም፤ ይልቅ ደግፎ ወደ ጋቢናው አወጣት። መጀመሪያ ወንበሩ አጠገብ ሞከረች፤ ፕላስቲክ ነውና አልያዘም። ከዚያ ከጎማው በላይ ያለውን የብረት ሽፋን ነካች፤ ጣሳው «ጠቅ» ብሎ ተጣበቀ፣ እጅ በሚደርስበት፣ ከፔዳሎቹ ርቆ።

ቡሎን ጎትቶ ሞከረው። አልነቃነቅ ሲለው የእውነት ተደነቀ። መካኒክ ነውና ሙያ ሲያይ ሌላውን ይረሳል። ጣቱን ጣሳው ውስጥ ከትቶ ለካው፣ ራሱን ነቀነቀ።

«ትንሽ ጠበበ፣ እማማ። ያቺ ኮዳ እኮ ጎኗ ተጨፍልቆ ይሄን ያህል…» በሁለት እጁ ስፋቱን አሳያትና አፉን ዘጋ።

እሷ ከጋቢናው ላይ፣ እሱ ከታች ሆኖ ይተያያሉ።

«ከቤቴ ስትወጣ ምንም አልነበራት» አለች በዝግታ።

ቡሎን መሣሪያ የተደረደረበት መደርደሪያ ሥር ጎንበስ ብሎ፣ ከጨርቅ ክምር ውስጥ ኮዳዋን አውጥቶ መደርደሪያው ላይ አኖራት። ወገቧ ላይ ገብታለች፣ ሌላው ጎኗ አብጧል። የገባው ቦታ ላይ የፔዳሉ ጥርሶች ተራ በተራ ታትመዋል።

ከዚያ በኋላ ያወራው ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነው። ትራክተሩ ዘንድ መጀመሪያ የደረሰው እሱ ነበር። ኮዳዋ ከፍሬኑ ሥር ተወሽቃ ስላገኛት በብረት ፈልቅቆ አወጣት። ኃላፊው ሲመጣ አሳየው። ኃላፊውም ገልበጥ አድርጎ አየና መለሰለት፦ ኮዳ ነው ካልን ጋቢናውንና ፍሬኑን ይመረምራሉ፣ አንተም እኔም እንጠየቃለን፤ መጠጥ ነው ካልን የሚጠየቀው የሞተው ብቻ ነው። ቡሎን አራት ልጆች አሉት። ዝም አለ። ሊጥላት አስቦ ግን እጁ እንቢ አለው።

«ክዳኗ ተዘግቶ ነበር?»

«ተዘግቶ ነበር።»

«ውስጧ ምን ነበር?»

«ውሃ» አለ። «ግማሽ ድረስ፣ ንጹሕ ውሃ። አሽትቼዋለሁ፣ እማማ።»

ሰባት ሳምንት የጠበቀችው ቃል ነው። ሲመጣ ደረቷ የሚቀልላት መስሏት ነበር። አልቀለላትም። እንዲያውም ዘጠኙ ቀን በፊቷ ተደረደሩ፤ በእያንዳንዱ ቀን ሸራ፣ መርፌና ክር በቤቷ ነበሩ። ወረቀቱ ዋሸ ማለት እሷ ነፃ ወጣች ማለት አይደለም። በዚህ ሰው ላይ ልትጮህ ፈለገች፤ ግን በየትኛው አፍ?

በመስኮቱ በኩል ሹፌሮቹ በዋናው በር እየተሰበሰቡ ነው። ታናሹ ልጇ መሐላቸው አለ፤ አንዱ ትከሻውን መታ አድርጎ አንድ ነገር ይለዋል፣ ሌሎቹ ይስቃሉ። ቁልፉን በጣቱ ያሽከረክራል። መንታዋ ኮዳ በብብቱ ሥር ነች።

ቡሎን ማንም ሳይሰማ ልጁን እመክረዋለሁ አላት። ጣሳውን ራሴ እሰቅልለታለሁ፣ በየጠዋቱም አየዋለሁ አላት። የእንጀራ ነገር ነው፣ እማማ፣ ይግባዎት አላት። ሰማችው፤ ሁሉንም ሰማችው። ከዚያ መሪውን ተደግፋ ወረደች። ሊደግፋት የዘረጋውን እጅ ግን አልያዘችውም። ኮዳዋን ከመደርደሪያው አንስታ ደረቱ ላይ አስደገፈችበት።

«ጣሳውን ማንም ይሰቅለዋል። ነቅሎ የሚጥለው ግን ራሱ ነው፣ ወንድሜ በመጠጥ ነው የሞተው ብሎ እስካመነ ድረስ። በጆሮው ሹክ ብትለው እናቴ አስመክራኝ ነው ይላል። ስለዚህ ተነቃነቅ። ይቺን ይዘህ ውጣና፣ ልጄ ቁልፉን ሳያስገባ፣ በነዚያ ሁሉ ሹፌሮች ፊት ከየት እንዳወጣሃትና ውስጧ ምን እንደነበር ንገረው። ካንተ ቀጥዬ እኔም ስለ ራሴ የምናገረው አለኝ፤ ካንተ የተሻልኩ አይደለሁም። አንተ ግን ቅደም።»