የንስሩ ዓይን

«ያ ዓይን! ያ ዓይን አፈር ይግባ?» አለች የሟች ታላቅ እህት ደረቷን እየመታች። «የሽጉጥ ማነጣጠሪያ ጸጉር ታህል ከተዛነፈች ከመንገድ ማዶ ሆኖ ያያት ነበር እኮ ወንድሜ!»

ለቀስተኛው ሁሉ «እውነት ነው፣ ነፍሱን ይማረው» እያለ ራሱን ነቀነቀ። ሚስቱ ብቻ ሻርፗን ወደ አፏ ሳብ አደረገች። እያለቀሰች መስሏት አንዲት ጎረቤት ትከሻዋን አሸት አሸት አደረገችላት። እሷ ግን ሳቋ አምልጦ እንዳያዋርዳት እየታገለች ነበር።

ሰው ካልሞተ ወይ ካልሄደ አይመሰገንም ይባላል። ከተማው ንስሩ የሚለው ይህ ሰውዬ ግን በቁሙም ሲመሰገን የኖረ ነው። ታዲያ ምን ያደርጋል፣ ላለፉት አራት ዓመታት ከመንገድ ማዶ ይቅርና ማንኪያው ላይ ያለውን ሾርባ አያይም ነበር። ሻዩ ውስጥ ጨው ጨምሮ «ዛሬስ ሻዩ ጥሟል» ይላል። ኮት መስቀያውን «ደህና ዋልክ?» ብሎ፣ መስቀያው ዝም ሲለው «ኮርቷል!» ብሎ ይቀየመዋል።

ሥራው ደግሞ የዓይን ሥራ ነው። ማነጣጠሪያቸው የወለቀ የጥንት ሪቮልቨሮች ከሰብሳቢዎች ይመጡለታል። ከብረት ቁራጭ አዲሷን ይሞርዳል፣ አፈሙዙ ጫፍ ላይ ባለችው ቦይ ይሰካታል፣ ከዚያ በነሐስ መዶሻ ጠቅ ጠቅ እያደረገ መሃል ያመጣታል። ሞረዱን አውራ ጣቱ ያውቅበታል፤ መሃሏን ለማግኘት ግን ማየት ግድ ነው። ስለዚህ የሥራ ክፍሉ በር ይቆለፍና ሚስት አንድ ዓይኗን ጨፍና ከሽጉጡ ኋላ ትቆማለች። እሷ ታያለች፣ እሱ ይመታል።

«ለሰው ትንፍሽ ካልሽ ከነሕይወቴ ቀበርሽኝ ማለት ነው» ብሏት ነበር። እሷም ሆድ ይፍጀው ብላ ተወችው።

በሦስተኛው ቀን የከተማው የጥርስ ሐኪም ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ሲገባ ጥርሱን የሚያመው ሁሉ አፉን ከደነ፤ ልቅሶውም ለጊዜው ቀዝቀዝ አለ። ሐኪሙ «እግዜር ያጽናዎት» ብሎ አጠገቧ ተቀመጠ፣ ሦስት ብርጭቆ ሻይ ጠጣ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ በመጨረሻ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ።

«በዚህ ሰዓት መጠየቄ ነውር ነው። የአያቴ ሽጉጥ ግን እሁድ ኤግዚቢሽን ላይ ትቀርባለች። ካላለቀች ልውሰዳትና ሌላ ባለሙያ ይጨርሳት።»

ሽጉጧ ገና ሥራ ክፍሉ ውስጥ፣ ሞርሳው እንደነከሳት ናት። ንስሩ በሞተበት ቀን፣ እሷ ገበያ ሳለች፣ መጠበቅ ሰልችቶት ብቻውን ማነጣጠሪያዋን ሁለቴ መትቶ አዛንፏት ነበርና በር ላይ ቆሞ ለሚያያት እንኳ ታስቃለች። ሌላ ባለሙያ ማለት ደግሞ ያ የገበያው ጥግ ምላሰኛ ነው። እሱ እጅ ከገባች፣ የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ «ንስሩ ዕውር ነበር» የሚል ወሬ ከተማውን ይሞላል። የአርባ ዓመት ስም በአንዲት ብረት መሳቂያ ሊሆን ነው።

«አልቃለች» አለች። ዓይን ያወጣ ውሸት። «መወልወል ብቻ ነው የቀራት። አንዴ ይጠብቁኝ።»

ሥራ ክፍሉ ገብታ መዶሻውን አነሳች። ዓይኗ አርባ ማነጣጠሪያ አይቷል፤ እጇ ግን አንድም መትቶ አያውቅም። ወደ ግራ መታቻት፤ መሃሉን አልፋ ሄደች። ወደ ቀኝ መለሰቻት፤ ከድሮዋም ባሰች።

«ስሙ! ስሙ!» የእህቲቱ ድምፅ ከሳሎን መጣ። «የወንድሜ መዶሻ! መንፈሱ ሥራ ገባ!» ልቅሶው እንደገና ቀለጠ።

በሩ ተከፈተ፤ ሐኪሙ ነው። ሽጉጧን አየ፣ ሴትዮዋን አየ።

«እሱ አያይም ነበር» አለች፣ ሌላ ውሸት አጥታ። «የማየው እኔ ነበርኩ። እባክዎ፣ ለዚያ ለገበያው ምላሰኛ አይስጧት።»

«አውቃለሁ እኮ» አለ ሐኪሙ። «አምና ስመጣ ጃንጥላዬን ጨብጦ ‹ምነው ከሳህ?› አለኝ።»

«ታዲያ ለምን ሥራ ይሰጡታል?»

«ሥራው አንድም ቀን ተዛንፎ አያውቅማ። የሚያይለት ሰው እንዳለ ገባኝ።»

«እትዬ ይህን ብትሰማ...»

«እህቱ? ባለፈው ወር መነጽር ልግዛለት ብላ እኔን ነው ያማከረችኝ። ጎረቤቱም ያውቃል። እርስዎ እንዳይከፋዎት ብለን ነው ዝም ያልነው።»

እሷ ለአራት ዓመት የደበቀችውን አገር ምድሩ ሲደብቅላት ኖሯል። ሐኪሙ እጅጌውን ሰብስቦ መዶሻውን ከእጇ ወሰደ።

«ይምሩኝ።»

አንድ ዓይኗን ጨፍና ከሽጉጧ ኋላ ቆመች። «ወደ ግራ።»

ጠቅ። ለጥርስ የሠለጠነ እጅ ነውና ማነጣጠሪያዋ ልክ የተባለችውን ያህል ሄደች።

«አሁንም ትንሽ።»

ጠቅ። ንስሩ ቢሆን እዚህ ላይ «አታዝዢኝ፣ ባለሙያው እኔ ነኝ!» ይል ነበር። በየምቱ ነው የሚጨቃጨቁት፤ አንዲት ማነጣጠሪያ ግማሽ ቀን ትፈጅባቸው ነበር። ሐኪሙ ግን የተባለውን አድርጎ ዝም አለ። ያ ጭቅጭቅ እንዲህ ይናፍቃል ብሎ ማን ይገምታል?

«አሁንስ?» አለ ሐኪሙ።

«ይቆዩኝ» አለች። «አይታየኝም።»

ሐኪሙ መዶሻውን እንደያዘ ጠበቀ፤ አላጣደፋትም። እሷም ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገችና ሌላኛውን መልሳ ጨፈነች።