ያላየችው ማዕድ ቤት

«ወይ ወገቤ! ይሄን ማጠቢያ ማን ነው እንዲህ ዝቅ አድርጎ የገጠመው?» አለች ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ፣ የለቀስተኛውን ብርጭቆ እያጠበች። «ቀጥ ብዬ እንኳ መቆም አቃተኝ እኮ!»

ከጎኗ ብርጭቆ የምታደርቀው የሟቿ ልጅ ቀና አላለችም።

«ለእማዬ ቁመት ተለክቶ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ እጇን ውሃው ውስጥ እንደነከረች ቀረች። «አፌን ቁርጥ ያድርገው» አለች ቀስ ብላ።

ሳሎን በሩ አጠገብ የተቀመጠው አናጺ ሁሉንም ሰምቷል። ሚስቱን የቀበራት ከትናንት ወዲያ ነው። ሰው ይገባል፣ «እግዜር ያጽናህ» ይለዋል፣ ይቀመጣል፣ ይወጣል። እሱም አንገቱን ይነቀንቃል።

ሰፈሩ «ሚጢጢ» ነበር የሚላት። ቁመቷ አጭር ነው፤ መልስ ግን አታጣም። ትዳራቸውን ሙሉ የተጨቃጨቁበት ነገር ቢኖር አንድ ነው፦ መጀመሪያ የሚታደሰው ማዕድ ቤቱ ነው ወይስ መታጠቢያ ቤቱ? ማዕድ ቤቱ ጨለማ ስለሆነና ምድጃው ስለሚረዝምባት፣ ወጥ የምታማስለው በርጩማ ላይ ወጥታ ነበር። የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ደግሞ ተሰነጣጥቆ ያንሸራትታል።

«ሰው በወግ ሳይታጠብ ምን ኑሮ አለ?» ይላታል።

«ገላህንማ በባልዲም ትታጠባለህ። ሆድህን በባልዲ ውሃ ልትሞላው ነው?»

ይስቃሉ፤ ሳይወስኑ ያድራሉ። የሰው ቤት ሲያሳምር ይውላል፣ የራሱ ቤት ለነገ ይቀጠራል።

ከዚያ ታመመች። ሆስፒታል ስትተኛ፣ ጠዋት ጠዋት ወደ እሷ ከመሄዱ በፊት ማዕድ ቤቱን ማፍረስ ጀመረ። መስኮት አወጣለት። ምድጃውንም ማጠቢያውንም በክንዷ ልክ ዝቅ አድርጎ ገጠመው። ለእሷ ግን ትንፍሽ አላለም። ድና ስትመጣ በሩን ከፍቶ ፊቷን ሊያይ ጓጉቷል።

ሥራውን በጨረሰበት ቀን፣ ሆስፒታል አልጋዋ ላይ ሆና፣ ፀጉሩ ላይ የቀረውን ሰጋቱራ በደከመ እጇ እያራገፈችለት፣ «በቃ፣ አሸነፍከኝ» አለችው። «መታጠቢያ ቤቱን ሥራው። ጉልበትህን እንደሚያምህ አውቃለሁ። እኔ በሌለሁበት እዚያ ወለል ላይ ትወድቅብኛለህ።»

ሊነግራት አፉን ከፈተ። ግን ደስታዋን ቤቷ ውስጥ ማየት ፈለገ።

«እሺ» አላት።

በማግስቱ አረፈች።

ወደ ማምሻው ለቀስተኛው ሲመናመን፣ ልጁ እጁን ይዛ አስነሣችው። ከቀብሩ ወዲህ ማዕድ ቤቱን አልረገጠውም ነበር። የመጨረሻዋ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ወለሉ ላይ ተኝታለች።

«አባዬ፣ ይሄ ላስቲክ ለምንድን ነው ያልተነሣው?» አለችው፣ የአዳዲሶቹን መደርደሪያዎች በር የሸፈነውን ስስ ላስቲክ እየነካች።

«እሷ እንድትልጠው ነው የተውኩት። አዲስ ዕቃ መላጥ እንዴት እንደምትወድ ታውቂ የለ?»

ልጅቷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። «እንግዲህ አንተ ልጠዋ፣ አባዬ» አለች።

አናጺው ጎንበስ ብሎ ጥፍሩን አንዱ በር ጥግ ላይ አስገባ። ላስቲኩ ትንሽ ተላቀቀ፤ ከሥሩ ማንም ያልነካው እንጨት ብልጭ አለ። እጁ እዚያው ቆመ። ከዚያ ያነሣውን ጥግ መልሶ አስተኛው፤ አየር እንዳይገባበትም በአውራ ጣቱ ደጋግሞ፣ በቀስታ፣ ዳበሰው።