ሃያ አራት አንድ ዓይነት መልሶች

ማጉያ ሃያ አራቱን መጠይቆች ጠረጴዛው ላይ ደረደረችና መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቀለች። መነጽሯ ግንባሯ ላይ ከወጣ ለአንድ ሰው ቀኑ እንደጨለመበት መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ያውቃል። ማጉያ እናቷ ያወጡላት ስም አይደለም፤ በአንዲት ስርዝ ፊደል ላይ ግማሽ ሰዓት ስለምታፈጥ መረጃ ሰብሳቢዎቹ ናቸው የሰየሟት። እሷም ታውቃለች፣ ቅርም አይላትም።

«እነዚህን የት ቁጭ ብለህ ነው የሞላሃቸው?» አለችው ፊቷ የቆመውን መረጃ ሰብሳቢ።

«ኧረ ቆሜ ነው የሞላሁት! በየበሩ።»

«በየበሩ።» አንዱን አነሳች። «ጥያቄ አሥራ ሰባት። ‹ከጎረቤቶችዎ ጋር ያለዎትን ግንኙነት በራስዎ አነጋገር ይግለጹ።› መልስ፤ ‹ሰላምታ እንኳ የለንም፣ ሁሉም በሩን ዘግቶ ይኖራል።›» ሌላ አነሳች። «‹ሰላምታ እንኳ የለንም፣ ሁሉም በሩን ዘግቶ ይኖራል።›» ሦስተኛውን ሳትነካ በቃሏ ወጣችው። «በራስዎ አነጋገር ነው እኮ የሚለው! ሃያ አራት ቤተሰብ በአንድ አፍ ነው የሚያወራው?»

ይህን ክስ ሰውየውን የሚያውቅ ቢሰማ ሆዱን ይዞ በሳቀ ነበር። ባልደረቦቹ «ቀጥታ» ነው የሚሉት። ባለቤቱ አዲስ ቀሚስ ለብሳ «አምሮብኛል?» ብትለው «ከየትኛው ጋር ሲነጻጸር?» ብሎ የመለሰ ሰው ነው። ውሸት አይችልበትም፤ ሊሞክር ሲል ጆሮው ይቀላል። ሥልጠናው ላይ «መላሹ ያለውን፣ እንዳለው፣ ያለውን ብቻ» የተባለውን ማስታወሻ ደብተሩ ሽፋን ላይ ጽፎ፣ በማስመሪያ አስምሮበት ነው የሚዞረው።

ግን ማጉያ ጆሮ አይታ አትፈርድም። በዚያ ሙያ ካፌ ቁጭ ብሎ መጠይቅ ከመሙላት የከፋ ነውር የለም። ስሙ በዚህ የተነሳ ሰው በሁሉም የጥናት ተቋማት ዘንድ ይታወቃል፤ ከዚያ ወዲያ ዶሮ እንኳ ቁጠርልኝ የሚለው አያገኝም። ቀጥታን ያንገበገበው ግን ሥራው ብቻ አልነበረም። በሕይወቱ ዋሽቶ ሳያውቅ ውሸታም መባሉም ነበር።

«ስለ አንተ የጻፍኩት ሪፖርት ነገ ጠዋት ይሄዳል» አለች ማጉያ።

«እንግዲያው ዛሬ አብረን እንሂድ። ራስዎ ይጠይቋቸው።»

ማጉያ ሰዓቷን አየች፣ እሱን አየች፣ ቦርሳዋን አነሳች።

እውነቱን ለመናገር፣ ሃያ አራቱ ቤተሰቦች የሚኖሩበትን ሕንፃ ሲዞር ቀጥታ ራሱ ልቡ ጠርጥሮ ነበር። ጥናቱ ስለ ጎረቤታሞች ግንኙነት ነው፤ ሕንፃው በዕጣ ስለወጣ ሃያ አራቱም ቤት ይጠየቃል። ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ሴት ሕፃን ታቅፋ ከፈተችለት። ሕፃኑ ሲነጫነጭ «እናትህ ማዶ ናት፣ አሁን ትመጣለች» ትለዋለች፤ ማዶ ማለት ትይዩ ያለው በር ነው። «ትይዩዎ ያለው ቤት ማን እንደሚኖር ያውቃሉ?» ቢላት «እኔ እንጃ! አይቼም አላውቅ» አለችው። ቀጥታ «አላውቅም» የሚለው ላይ አከበበ።

ሦስተኛ ፎቅ ደግሞ የባሰ ነበር። ምድር ቤት የሚሠራው ፀጉር አስተካካይ ጫማውን አውልቆ ሰው ሶፋ ላይ ተጋድሞ ኳስ ያያል። «ባለፈው ወር ጎረቤት ቤትዎ ገብቶ ያውቃል?» ሲል ቀጥታ የቤቱን ጌታ ጠየቀ። «ማንም ገብቶ አያውቅም» አሉ። ፀጉር አስተካካዩም ከሶፋው ቀና ብሎ «አልገባሁም» ሲል መሰከረ። ቀጥታ ዜሮ ጻፈ። መላሹ ያለው ይኸው ነው።

ከሰዓት በኋላ ሁለቱም ሕንፃው በር ላይ ቆሙ። ሊፍቱ ላይ «ለጊዜው አይሠራም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ወረቀቱ ቢጫ ሆኖ ጠርዙ ተጠቅልሏል። ማጉያ ሦስት የቤት ቁጥር በዕጣ አወጣችና ደረጃውን ተያያዙት።

የመጀመሪያውን በር የከፈተው አንድ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ሜትሩ አንገቱ ላይ ነው። ማጉያ ገና «ጤና ይስጥልኝ፣ ስለ...» ከማለቷ «ሰላምታ እንኳ የለንም፣ ሁሉም በሩን ዘግቶ ይኖራል» ብሎ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው።

ቀጥታ በኩራት አያት። ማጉያ መነጽሯን ከግንባሯ ወደ ዓይኗ መለሰችው።

ሁለተኛው ቤት፣ አንዲት ወይዘሮ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ጀምራ «ሁሉም በሩን...» ስትል፣ ሌላዋ ሴት ሳታንኳኳ ሰተት ብላ ገባች፤ በቀጥታ ወደ ማድ ቤት አለፈች፣ ቁም ሣጥን ከፈተች፣ ድስት አወጣች። ስትመለስ እንግዶቹን አየችና ደርቃ ቀረች። «ይቅርታ፣ በር ተሳስቼ ነው» አለች ድስቱን እንደያዘች። ወይዘሮዋም «ምን ዓይነት ሰው ነው ሳያንኳኳ የሚገባ!» ብላ ተቆጣች፤ ቀጠል አድርጋም ክዳኑን አቀበለቻት።

«ይህን ያለፈው ጊዜም አይተሃል?» አለች ማጉያ ደረጃው ላይ።

«የሚመስለውን አይቻለሁ» አለ ቀጥታ። ጆሮው ትንሽ ሞቀው።

ሦስተኛው አምስተኛ ፎቅ ነው። ከበሩ አጠገብ ወንበር ላይ የተቀመጡ አንዲት እማማ «ግቡ ልጆቼ፣ ግቡ» ብለው ተቀበሏቸው። ጥያቄው ሲመጣ ግን ፊታቸውን ኮስተር አደረጉ፣ መነጽራቸውን ፈልገው አጠለቁ፣ ከጉልበታቸው ላይ አንድ ወረቀት አነሱና ጣታቸውን እያስኬዱ ማንበብ ያዙ። «ሰላምታ እንኳ የለንም። ሁሉም በሩን ዘግቶ ይኖራል። ጎረቤት ቤት የገባሁት፣ ዜሮ። ጎረቤቶቼን የማምነው... የማምነው...» ወረቀቱን ገለበጡት። ባዶ ነው። ወደ ኮሪደሩ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «አንቺ ልጅ! ሁለተኛው ገጽ አንቺ ጋ ቀረ እንዴ?»

ማዶ ያለው በር ብርግድ ብሎ ተከፈተ። «መጣሁ እማማ! ትናንት አብረን ስናጠና...» እያለች አንዲት ወጣት ወረቀት ይዛ ሮጣ ወጣችና ማጉያ ፊት ቆመች።

ማጉያ እጇን ዘረጋች። ወረቀቱ ከላይ «የመልስ መመሪያ» ይላል፤ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ፣ ከሥሩ የነዋሪዎች ኮሚቴ ማኅተም አርፎበታል።

ደረጃው ድምፅ ያስተጋባልና ሕንፃው ሁሉ ሰምቷል። ልብስ ሰፊው ሜትሩን እንዳንጠለጠለ፣ ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ፣ ድስት የወሰደችውም ድስቷን ይዛ ወጡ። ከፖስታ ቤት ጡረታ የወጡት የኮሚቴው ሊቀመንበር እያለከለኩ በመጨረሻ ደረሱ።

«ጋሼ፣ ይሄ የእርስዎ ጽሑፍ ነው?» አለ ቀጥታ።

«የኔ ነው።»

«ለምን?»

ሊቀመንበሩ እማማን በዓይናቸው አመለከቱ። «ሊፍቱ ከቆመ አምስት ወሩ ነው። አምስት ወር ሙሉ እሳቸው መሬት አልረገጡም። ማመልከቻ ጻፍን፣ ሄድን፣ ተመላለስን። ከዚያ እናንተ መጣችሁ። የሚታከም የታመመ ነው፤ ደህና ነን ካልናችሁ ‹ደህና ናቸው› ብላችሁ ትሄዳላችሁ። ክፉኛ ታመናል እንበል ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ።»

«ጥናቱ ቀጥተኛ ጥቅም አያስገኝም ብዬ ሃያ አራት ጊዜ አንብቤላችሁ የለ?»

«አንብበሃል! እኛም የጠረጠርነው ያኔ ነው። ጥቅም የሌለው ነገር ጥቅም የለውም ተብሎ ከወረቀት ይነበባል?»

ማጉያ ግድግዳውን ተደገፈች። «ስብሰባው ምን ያህል ፈጀ?»

«ሃያ ደቂቃ። በሙሉ ድምፅ አለፈ።»

«እኔ በዚህ ሙያ ሃያ ዓመቴ ነው» አለች። «ሃያ አራት ቤተሰብ በሃያ ደቂቃ ሲስማማ አይቼ አላውቅም። የተስማማችሁት ደግሞ አንስማማም ለማለት!»

ከዚያ ፊቷ ተለወጠና ቁርጡን ነገረቻቸው። መልሶቹን ቀጥታ ፈጥሮ እንዳልጻፈ ነዋሪዎቹ ፈርመው ካላረጋገጡ ነገ የሚባረረው እሱ ነው። ከፈረሙ ደግሞ ሃያ አራቱም መልስ ይሰረዛል።

«ታዲያ ሊፍቱስ?» አለ ልብስ ሰፊው።

«ሊፍት የሚባል ነገር ጥናቱ ውስጥ ኖሮም አያውቅ።»

ቀጥታ የራሱን ጉዳይ ረስቶ ስለ እነሱ አዘነ። መጀመሪያ የተናገሩት እማማ ናቸው።

«እኔ ልውረድ ብዬ ሰው ሥራውን ይጣ? በሉ ፈርሙ! እስክሪብቶውን ወዲህ በል፣ እኔ እጀምራለሁ።»

ሃያ አራት ፊርማ ለመሰብሰብ ስምንት ደቂቃ በቃ። ቀጥታ ትንፋሹን ሊለቅ ሲል ማጉያ ወደ እሱ ዞረች።

«አሁን ደግሞ አንተ። መረጃ ስትሰበስብ መልሱን የሚቃረን ነገር አይተሃል?»

ሲጠይቅ እንጂ ሲጠየቅ ኖሮ አያውቅም። ሁሉም ያየዋል። «አላየሁም» ቢል ነገሩ እዚያው ያልቃል፤ ፊርማው አለ፣ ሪፖርቱም ይቀራል። ሰው ለምን እንደሚዋሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባው፤ ጥያቄው የሚፈልገውን መልስ ይዞ ነው የሚመጣው።

«አይቻለሁ» አለ። «ሕፃኑን አይቻለሁ። ፀጉር አስተካካዩንም ሶፋው ላይ አይቻለሁ።» ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን ከኋላው ደበቀ።

ማጉያ አንዱን መጠይቅ ገልብጣ የመጨረሻውን ገጽ አሳየችው። «የመረጃ ሰብሳቢው ትዝብት» የሚል ሳጥን አለ፤ ስድስት መስመር፣ ባዶ። ሌላውን ገለበጠች፤ ባዶ። «ታዲያ ይሄ ለጌጥ ነው የተሠመረው?»

«ብጽፈው ዋሹ ማለቴ ነው» አለ ቀጥታ። «አፈርኩ። ያን ያህል ከልባቸው ሲናገሩ... እንዴት ብዬ?»

«ካፌ አልሞላህም፤ እሺ፣ ያ ይቅር። ግን ዓይንህን ቤትህ ትተህ ነው የመጣኸው። እዚሁ ተቀመጥና ያየኸውን ጻፍ። አንድ ሳጥን ባዶ ካገኘሁ ሪፖርቱ እንዳለ ይሄዳል።»

ደረጃው ላይ ተቀምጦ ጻፈ። «መላሿ የማታውቃትን ጎረቤት ልጅ ይዛ ነበር፤ ሕፃኑ በስሟ ይጠራታል።» «መላሹ ማንም አልገባም ሲሉ የገባው ሰው አረጋግጧል።» «እንግዳዋ በር ተሳስታ ስትገባ ድስቱ የት እንዳለ ታውቅ ነበር።» ሲጽፍ ብቻውን ይስቃል። እንዲህ ያለ መረጃ በዕድሜው ጽፎ አያውቅም።

ሃያ ሦስቱን ጨርሶ የእማማን ሲጀምር ከላይ ጫጫታ መጣ። አምስት ወር ሙሉ «ስሞት ትሸከሙኛላችሁ፣ እስከዚያ በእግሬ ነው» ሲሉ የኖሩት እማማ፣ የሊፍቱ ተስፋ ከተቆረጠ ኩራታቸውም ምን እንደሚሠራላቸው አልታያቸውም። «ፀሐይዋ ሳትጠልቅ አውርዱኝ» ብለዋል። ልብስ ሰፊው፣ ፀጉር አስተካካዩና ማዶ ያለችው ወጣት ወንበራቸውን ከእሳቸው ጋር አንስተዋል፤ ሊቀመንበሩ ከፊት ሆነው ትእዛዝ ይሰጣሉ፣ ማንም አይሰማቸውም። አራተኛው እግር ግን ተሸካሚ የለውም፤ ወንበሩ ወደዚያ ያዘነብላል።

«አንተ ልጅ፣ ወይ ተነስ ወይ ያዝ!» አሉት እማማ ከላይ።

ቀጥታ ወረቀቱን አየ፣ ወንበሩን አየ። እስክሪብቶውን ማጉያ እጅ ላይ ጣል አድርጎ አራተኛውን እግር ያዘ። «ቀስ! ግራ! ኧረ ግራ አልኩ!» እየተባባሉ ወረዱ፤ እማማ አንድ እጃቸውን እሱ አናት ላይ አሳርፈዋል፣ በየፎቁ በር ይከፈታል፣ ያየ ሁሉ ያጨበጭባል።

ማጉያ ደረጃው ላይ ብቻዋን ቀረች። የመጨረሻውን መጠይቅ ጉልበቷ ላይ አስተካከለች፣ መነጽሯን ጠረገች፣ ባዶው ሳጥን ላይም በራሷ እጅ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «መረጃ ሰብሳቢው በቦታው ነበር። አይቼዋለሁ።» ከሥሩም ፈረመችበት።