አንድ ቤት፣ አንድ ፋይል

መሥሪያ ቤታችን «አዲስ አደረጃጀት» ሲል እኔ የማውቀው ጠረጴዛ ማዞር ነው። በሃያ ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ዞሬያለሁ፤ ሦስቴ ወደ መስኮት፣ አንዴ ወደ ሽንት ቤት በር። ስለዚህ አዲሱ ኃላፊ ሰብስቦን «ከእንግዲህ ሰውን በችግሩ ዓይነት አንከፋፍልም፤ በሰፈርና በቤት ነው የምናገለግለው» ሲል፣ በሆዴ «እስቲ ይሁንልህ» አልኩ።

እስከዚያ ድረስ እርዳታ የሚሹ አረጋውያን የእኔ ነበሩ፤ አካል ጉዳተኞች ደግሞ ከኮሪደሩ ማዶ የምትቀመጠው የአራት ነጥብ። አራት ነጥብ የምንላት፣ ንግግሯም ውሳኔዋም እዚያው ስለሚያልቅ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ምሳ አብረን በልተናል። ባሎቻችንን አምተናል፣ ለልጆቻችን ትምህርት ቤት መርጠናል። ስለ ፋይል ግን አንድ ቀን አውርተን አናውቅም፤ ምሳ ላይ ሥራ ማንሳት በእኛ ዘንድ ነውር ነበር።

አዲሱ ሥራ የሁለታችንን ፋይሎች በቤት ቁጥር ማገናኘት ነበር። ጫማችንን አውልቀን ወለሉ ላይ ዘረጋናቸው። በሦስተኛው ቀን አራት ነጥብ ከየክምራችን አንድ አንድ ፋይል አንስታ የእኔን ሰጠችኝ። 

«እስቲ ያንቺን አንብቢልኝ» አለች።

አነበብኩ። እናት፣ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው፤ «ልጃቸው ስለምትጦራቸው ፋይሉ ተዘግቷል»። የእጅ ጽሑፉ የራሴ ነው፤ ቀኑ የዛሬ ስድስት ዓመት።

እሷም አነበበች። ልጅ፣ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ፣ እግሮቿ አይንቀሳቀሱም፤ «እናቷ ስለሚንከባከቧት ፋይሉ ተዘግቷል»።

የቤት ቁጥሩ አንድ ነበር። እጅ ከፍንጅ እንደተያዘ ሰው ፊቴ ጋለ። ስድስት ዓመት ሙሉ እኔ በልጅ፣ እሷ በእናት አሳብበን፣ እዚያው ኮሪደር ላይ ምሳችንን ስንበላ ኖረናል።

በማግስቱ ሁለታችንም ሄድን። እናት በሩን ከፍተው በክብር አስገቡን። አልጋው ከጓዳው በር ትይዩ ተጎትቷል፤ ልጅ ከተኛችበት ሆና ቤቱን በሙሉ ታያለች።

«ለመሆኑ ማን ነው ማንን የሚረዳው?» አልኩ ቆጣ ብዬ። የተቆጣሁት በራሴ ነበር።

«እሷ ናት» አሉ እናት። «እማዬ ናት» አለች ልጅ። እኩል ነው የተናገሩት።

አራት ነጥብ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «እማማ፣ ያኔ እውነቱን ለምን አልነገሩንም?»

አሮጊቷ አቀረቀሩ። «የእናንተ የአረጋውያን መጦሪያ ከከተማው ወዲህ፣ የአካል ጉዳተኞች ማዕከል ከከተማው ወዲያ ነው ብለው ጎረቤቶች ነገሩን። እርዳታ ከጠየቅን ይለያዩናል ብለን ፈራን። ተማከርንና እኔ በሷ፣ እሷም በኔ አሳበብን።»

 ልክ ነበሩ፤ ያኔ እውነቱን ቢነግሩኝ ኖሮ እኔው በፊርማዬ እለያያቸው ነበር።

«አሁን በቤት ነው የምንሠራው» አልኩ አዲሱን ቅጽ አውጥቼ። «ማንም ከዚህ አይወጣም፤ ረዳት ወደናንተ ይመጣል።»

«ስማችን አንድ ወረቀት ላይ ነው?» አሉ እናት።

«አዎ፣ አንድ ላይ ነው እማማ።»

«አንቺ እዪልኝ» አሉ ወደ ልጃቸው ዞረው። ልጅቷ ወረቀቱን ተቀብላ አየችና «አዎ፣ እማዬ፤ ያንቺ ከላይ፣ የኔ ከሥር» አለች።

እናት ወደኛ ዞሩ። «እንግዲያው እውነቱን ጻፉ። ዓይኔ ከጠፋ ዓመት አልፎታል። እንዳትጨነቅ ብዬ ለሷም አልነገርኳት።»

ልጅቷ ሳቋ መጣ፤ እንባዋም አብሮ ወረደ። «እማዬ፣ ዓመት ሙሉ ‹ስኳሩ በግራሽ ነው፣ ወንበሩ ፊትሽ ነው› ስልሽ ለምን ይመስልሽ ነበር?»

እናት እጃቸውን ዘርግተው አልጋውን በዳበሳ ፈለጉ። ልጅ ያዘችላቸውና ፊቷ ላይ አሳረፈችው።