ለኮኩራ የታሰበው

በሰፈራችን ሳዳኤ ኩሮጊን የማያውቅ አልነበረም። ከኮኩራ ባቡር ጣቢያ ጀርባ ኡዶን የሚባለውን እንደ ፓስታ የተቆረጠ ወፍራም የስንዴ ሊጥ በትኩስ መረቅ እያደረገች የምትሸጥ ባልቴት ናት። ባሏ በጦርነቱ ጊዜ ፊሊፒንስ ዘምቶ በዚያው ቀረ። አንድ ልጇን ሺንጎን ብቻዋን አሳድጋ፣ ብረት ማቅለጫው ፋብሪካ ሥራ አስያዘችው። ምላሷ ስለታም ነው፤ ሰው ሲቸገር ግን ቀድማ የምትደርሰው እሷ ነበረች። የሴቶች ማኅበሩ ሊቀመንበር ሲመረጥ ከእሷ ሌላ ስም የጠራ ሰው አልነበረም።

ከሱቋ ፊት ለፊት ካለው ልብስ ስፌት ቤት ቺዙ የምትባል ልጅ ለምሳ ትመጣ ነበር። ዝምተኛ ናት፤ በበጋ ሙቀት እንኳ ኮሌታዋን እስከ አገጯ ቆልፋ ነው የምትሄደው። ሺንጎ ወደዳት። ሳዳኤም ወደደቻት። «ሳህኗን አሟጣ የምትበላ ልጅ ቤት ታቀናለች» እያለች ለደንበኞቿ ሁሉ ታወራ ጀመር።

በአገራችን ልማድ ከጋብቻ በፊት አማላጅ ሄዳ የልጅቷን ዘርና ጤና ታጣራለች። ወይዘሮ ኦታኒ የተባለች አማላጅ ሄዳ ተመለሰችና ሱቁ ባዶ እስኪሆን ጠብቃ ተቀመጠች።

«ከወዴት ናት ነበር ያልሽኝ?» አለቻት ሳዳኤን።

«ከሳጋ።»

«ከሳጋስ አክስቷ ናት። ልጅቷ የናጋሳኪ ናት። የኡራካሚ።»

ሳዳኤ ጭልፋውን አስቀመጠች። «ቦምቡ የወደቀበት?»

«እዚያው ከሥሩ! እናትና አባቷ፣ ወንድሟም እዚያው ቀሩ። እሷ አንገቷና ትከሻዋ ተቃጥሎ ተረፈች። ያ ኮሌታ ለማማር መስሎሽ ነበር?»

«ትወልዳለች?»

«ማን ያውቃል? ሐኪሞቹም አያውቁት። ሰው የሚለውን መቼም ሰምተሻል። ደማቸው ተበክሏል፣ ቢወልዱም የሚወለደው...»

ሳዳኤ ጭልፋውን መልሳ አነሣችና «ሺንጎ ገና ነው፣ ዘንድሮ ኮከቡ ለጋብቻ አይሆንም በይልኝ» አለች።

መልእክቱ በጨዋ ቃል ተነገረ፣ በጨዋ ቃል ተመለሰ። ሺንጎ በመጀመሪያው ቀን ተቆጣ፣ በማግስቱ አኮረፈ፣ ከዚያ ወዲያ ዝም አለ። ዝምታው እንደ እሺታ ተቆጠረ። ቺዙም ምሳዋን ቋጥራ መምጣት ጀመረች፤ ሱቁ ደጃፍ ዳግመኛ አልታየችም።

እዚህ ላይ እኛ ኮኩራዎች ጮክ ብለን የማናወራውን አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በዚያ የነሐሴ ጠዋት ቦምቡን የጫነው አውሮፕላን መጀመሪያ የመጣው እኛ ጋ ነበር። ድምፁን ሰምተነዋል። ከበላያችን ዞረ፣ ደግሞ ዞረ፣ ተመልሶም ዞረ። ሰማያችን ግን በጉምና በጭስ ተሸፍኖ ነበር፤ ጎረቤታችን ያዋታ ከተማ በዋዜማው ተደብድባ ገና ትጨስ ነበር። የፈለገውን ስላላየ ትቶን ወደ ናጋሳኪ ሄደ። ይህን ያወቅነው ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ነው። የተፈለገው የከተማችን የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ነበር አሉ። ሺንጎ ያን ጊዜ ተማሪ ነው፤ እንደ እኩዮቹ ለሥራ ተመልምሎ በዚያች ሰዓት እዚያው ፋብሪካ ውስጥ ነበር። ስለዚህ ነገር ወሬ ከተነሣ «እድለኞች ነን» እንልና ቶሎ ሌላ ወሬ እናመጣለን።

ሺንጎ ዝም ባለ በዓመቱ፣ አሜሪካኖች ደቡብ ባሕር ላይ ከድሮው እጅግ የባሰ ቦምብ ሞከሩ። ዓሣ ሲያጠምዱ የነበሩ የእኛ ሰዎች የፍንዳታው አመድ ወረደባቸው፤ ታመው ተመለሱ። አገሩ ሁሉ ቱና መብላት አቆመ። የሰፈራችን ዓሣ ሻጭ ገንዞ ሥራ ስለፈታ ቀኑን ሙሉ ሳዳኤ ሱቅ ተቀምጦ ይውል ነበር።

«ሰው ዓሣዬን ፓስፖርት ይጠይቀው ጀመር» ይላል። «ከየት መጣህ፣ በየት በኩል አለፍህ፣ ምን ነካህ!»

አንድ ቀን የባቡር ሠራተኛ የሆነ ደንበኛ መረቁን እየማገ «ሩሲያም እኮ አላት። አምና አፈንድታለች» አለ። «ወንድሜ ምን ይላል መሰላችሁ? እኛ ላይ የጣሉት ለእኛ ብለው ብቻ አይደለም። እኛማ ወድቀን ነበር። ሩሲያ እንድታይላቸው ነው።»

«አየችዋ!» አለ ገንዞ። «ደብዳቤው ደርሷታል፤ እሷም መልስ እየጻፈች ነው። ፖስታ ቤቱ እኛ ነን።»

ሰው ሳቀ። ሳዳኤ ግን አልሳቀችም። የኮሪያ ጦርነት ጊዜ የአሜሪካን ወጣት ወታደሮች ሬሳ ወደ አገሩ ከመላኩ በፊት በባቡር ወደ ከተማችን ሲገባ ያየች ሴት ናት። ሁለቱ ኃያላን በሰው አገር ሲላፉ ማን እንደሚሞት ታውቃለች። በዚያው ሰሞን የቦምቡን ነገር የሚቃወም ፊርማ በየከተማው መሰብሰብ ሲጀመር፣ በእኛ ሰፈር መሪዋ እሷ ሆነች። ሱቋን ለጎረቤት እየተወች በየደጁ ታንኳኳለች። ያልፈረመ ቤት የለም ማለት ይቻላል።

በበጋው መጨረሻ ማኅበሩ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ትልቅ ስብሰባ አሰበ። ሲመካከሩ ወይዘሮ ኖጊ የምትባል የማኅበሩ አባል «እኛ ብናወራ ማን ይሰማናል? በዓይኑ ያየ ሰው ነው የሚያስፈልገን» አለች። «ስፌት ቤት ያለችው ልጅ የናጋሳኪ ናት አሉ። እትዬ ሳዳኤ፣ እርስዎ ያውቋታል አይደል? ይጠይቁልን።»

ሁሉም ወደ ሳዳኤ ዞሩ። እንቢ ለማለት ምክንያት መናገር ነበረባት። «እሺ» አለች።

መንገዱን ለመሻገር ያን ያህል ጊዜ ፈጅቶባት እንደማያውቅ ኋላ ራሷ ነግራኛለች። ቺዙ ከስፌት መኪናዋ ተነሥታ እጅ ነሣቻት። «ይግቡ እትዬ ሳዳኤ። የሚሰፋ አለዎት?»

«የለኝም። ልለምንሽ ነው የመጣሁት።» ስለ ስብሰባው ነገረቻት።

ቺዙ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች። «ሰው ፊት ቆሜ ልናገር?»

«ለሰላም ነው፣ ልጄ።»

«ልጄ አሉኝ» አለች ቺዙ ቀስ ብላ። ቁጣ አልነበረባትም፤ ቃሉን እንደ አዲስ ጨርቅ የምትዳስሰው ትመስል ነበር። ከዚያ «ኮሌታዬን ልፍታው?» አለች።

«ኧረ እሱን እንኳ ማንም አይጠይቅሽም!»

«ይጠይቃሉ። በዓይናቸው ይጠይቃሉ። ሰው ካላየ አያምንም። እመጣለሁ።»

በስብሰባው ቀን አዳራሹ ሞላ፤ በመስኮት የሚያይም ነበር። ቺዙ አንገቷ ሰፋ ያለ ነጭ ሸሚዝ ለብሳ መጣች። ጠባሳው ከጆሮዋ ሥር እስከ ትከሻዋ ተጨማዶ ይታያል። ንግግሯ አጭር ነበር። እናቷን እንዳላገኘቻት ነገረችን። ታናሽ ወንድሟን አገኘችው፤ ውሃ ለመናት። ውሃ ከጠጣ ይሞታል ብለዋት ስለነበር ከለከለችው።

«ሳይጠጣ ሞተ» አለች። «ብሰጠው ኖሮ ቢያንስ ጠጥቶ ይሞት ነበር። እስከ ዛሬ ብርጭቆ ባነሣሁ ቁጥር የማስበው እሱን ነው።»

አንዲት አሮጊት ከኋላ ተነሡ። «ልጄ፣ ለእኛ የታሰበ እንደነበር ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ፣ እማማ።»

«አትጠይንም?»

«ጭሱን እናንተ አላመጣችሁት» አለች ቺዙ። ሳዳኤ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ልጅቷ አንድም ጊዜ ወደ እሷ አልተመለከተችም፤ መዝለፍ ብትፈልግ ከዚያ የተሻለ ቀን አልነበረም።

ሴቶቹ እያለቀሱ ለመፈረም ተሰለፉ። ወይዘሮ ኖጊ ዓይኗን እየጠረገች ወደ ሳዳኤ ጆሮ ጠጋ አለች። «ምስኪን! መልኳ ደግሞ እንዴት ያምራል። ማን ያገባት ይሆን? እኔ ለልጄ... አይ፣ እውነቱን ለመናገር አልደፍርም። እርስዎስ?»

«እኔም አልደፈርኩም» አለች ሳዳኤ። ወይዘሮ ኖጊ ነገሩ አልገባትም፤ ራሷን ነቅንቃ ሰልፉ ውስጥ ገባች።

መዝጊያውን ንግግር የምታደርገው ሊቀመንበሯ ነበረች። ሳዳኤ መድረኩ ላይ ወጣች። ስለ አሜሪካና ስለ ሩሲያ፣ ያለ ርኅራኄ በሰው ሕይወት ስለሚፎካከሩ መሪዎች ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት። «እነዚያ ልባቸው የደነደነ ሰዎች...» ብላ ጀመረችና ተያዘች። እንደገና ሞከረች። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ቀላ። ያኔ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፤ ሐዘን አንደበቷን የያዛት መስሎን ነው። እኔም አጨበጭብ ነበር። «በሕይወቴ እንደዚያ ጭብጨባ የገረፈኝ ነገር የለም» ትለኝ ነበር ኋላ ሳዳኤ።

እቤቷ ስትገባ ሺንጎ ጫማውን እያወለቀ ነበር። እሱም በመስኮት ካዩት አንዱ ኖሯል።

«በደልኳት» አለችው።

«አሁን ነው የገባሽ?»

«ሲጀመርም ገብቶኝ ነበር።»

ሺንጎ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። «እኔ ደግሞ ከአንቺ የባስኩ ነኝ፣ እማ። እንቢ ማለት እችል ነበር። አንቺ ስትከለክይኝ ቅልል አለኝ፤ እኔም ፈርቼ ነበር። አንቺን ሰበብ አድርጌ ተደበቅሁ።»

በማግስቱ ሳዳኤ አማላጅ ሳትልክ፣ ከልማድ ውጭ፣ ራሷ ቺዙ ወደምትኖርበት የአክስቷ ቤት ሄደች። አክስቷ ቶሜ በሩን ከፍተው ከላይ እስከ ታች አዩዋት። «ምነው? የልጅዎ ኮከብ ተቃና?»

ሳዳኤ በሩ ሥር ተንበርክካ ግንባሯን መሬት አስነካች። «ልጅዎን ለልጄ ይስጡኝ። የዋሸሁትንም ይቅር ይበሉኝ።»

ቺዙ ከውስጥ ወጣች። «ይነሡ እትዬ ሳዳኤ፣ ሰው ያያል።»

«ይይ!»

«ሺንጎን እወደው ነበር» አለች ቺዙ አጠገቧ ቁጢጥ ብላ። «ግን እርስዎ ባዩኝ ቁጥር የሚያፍሩብኝ ሰው ሆኜ እንዴት ልኑር? ደግሞስ ባረግዝ፣ እስክወልድ ድረስ ፊትዎን እያየሁ ልከርም ነው? ሳይፈሩ ይጠብቃሉ?»

ሳዳኤ «አልፈራም» ልትል ፈለገች። ውሸት ይሆንባታል። ወደዚህ ደጃፍ አንዴ ውሸት ልካለች። ዝም ብላ አጎነበሰች።

«ስላልዋሹኝ አመሰግናለሁ» አለቻት ቺዙና ክንዷን ይዛ አስነሣቻት።

በዚያው መኸር ቺዙ ወደ ኦሳካ ሄዳ ትልቅ ስፌት ቤት ተቀጠረች። ሺንጎ ሊሸኛት ጣቢያ ድረስ ሄዶ፣ ባቡሩ እስኪነሣ ምሰሶ ጀርባ ቆሞ ተመለሰ። ከዓመታት በኋላ እዚያው አግብታ ሴት ልጅ እንደወለደች አክስቷ ነገሩን። ልጅቷ ጤነኛ ናት ወይ ብሎ ያልጠየቀ ሰው አልነበረም፤ ሳዳኤ ግን አልጠየቀችም። ሺንጎ ዘግይቶ ሌላ ሴት አገባ።

ሳዳኤ ሊቀመንበርነቱን ለወይዘሮ ኖጊ አስረከበች። ፊርማ መሰብሰቡን ግን አልተወችም። የሩሲያም ይሁን የአሜሪካ፣ ሙከራ በተሰማ ቁጥር ወረቀቷን ይዛ ትወጣለች። አሁን ግን ስለ ቦምቡ ከመናገሯ በፊት ስለ ቺዙ ትናገራለች፣ ምን እንዳደረገቻት፣ ለምን እንዳደረገች። ብዙ ሰው አይወድላትም። ገና ከሩቅ ሲያዩዋት በር የሚዘጉ ነበሩ።

አንድ ጠዋት ገንዞ ሱቅ ስትደርስ እኔም ዓሣ ልገዛ ቆሜ ነበር። ገንዞ እጁን በሽርጡ ጠርጎ ሳያነብ ፈረመላት። «ይኸው። ግን ልጅህን ለናጋሳኪ ልጅ ትድራለህ ወይ ብለሽ እንዳትጠይቂኝ።»

«የመጣሁት እሱን ልጠይቅህ ነው» አለችው።

ገንዞ ቢላዋውን አነሣ፣ ዓሣውን ገለበጠው፣ ቅርፊቱን መፋቅ ጀመረ። ሳዳኤ መልሱን እየጠበቀች ቆመች። እኔም ዓሣዬን መግዛቱን ትቼ መሬት መሬት አይ ነበር፤ የእኔም ልጅ ለጋብቻ ደርሶ ነበርና።